አደራ ያልሽው ልጅ

ጉደር፣ ሰኔ 9 ቀን 1982 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአሰፋሽ ገብረአማኑኤል፤
ኬንያ፣ ማርሳቢት፣ ካለሽበት ቤት

ይህን ማንበብ ከጀመርሽ የኮቱን ገበር ተርትረሻል ማለት ነው። በመቀስ ይሁን በቢላዋ አላውቅም፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ ለጨርቅ ምሕረት የለሽም። አንብበሽ ስትጨርሺ መልሰሽ ስፊው። በነጭ ክር ደግሞ እንዳታደርጊው፣ ያስታውቃል።

ልጁ ፊትሽ ቆሟል። እስካሁን አቅፈሽው ይሆናል፣ አልቅሰሽም ይሆናል፣ ባልሽም መዝሙሩን ጀምሮ ይሆናል። ይበቃል። ውሃና የሚበላ ነገር ስጪውና ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ሲርበው አይናገርም፤ ከሞያሌ ወዲህ የረባ ነገር የቀመሰ አይመስለኝም።

ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ተብሎ ይጻፋል። እኔ እንደዚያ አልጽፍም። ደህና አይደለሁም፣ ናፍቆትሽም አልገደለኝም። የምጽፍልሽ ተናድጄ ነው። ቁጣዬን ለልጁ ላሳየው ስላልፈለግሁ በኮቱ ውስጥ ሰፍቼ ላንቺ ላክሁት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ልጁን ላክሁት እንጂ አልመለስኩልሽም። ካለፈው ዓመት ፋሲካ ወዲህ በጻፍሽው ደብዳቤ ሁሉ «አደራችንን መልሺልን» እያልሽ ስትወተውቺኝ ከርመሻል። እኔ አደራ በላ ሆኜ ማለት ነው። አምቦ ገበያ በረንዳ ላይ ማሽኔን ዘርግቼ ስኖር የሰው ጨርቅ አስቀርቼ አላውቅም፤ ከቀሚስ የተረፈችውን ቁራጭ ሳይቀር ጠቅልዬ ለባለቤቷ ነው የምሰጠው። አደራ ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረኝም። ዲንሳ ግን አደራ አልነበረም።

ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። ባልሽ መርጋ ወንጌላዊ ነህ ተብሎ ታስሮ የተፈታ ሰሞን ነው። የጸሎት ቤታችሁ በር ታሽጎ ነበር። የሚሲዮን ሰዎች መጥተው፣ ኬንያ ውስጥ ለቦረናዎች ወንጌል የሚያስተምር፣ ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ሰው እንፈልጋለን አሏችሁ። የመውጫ ፈቃድ ለሁለታችሁና ለታቀፍሻት ለድንቅቱ ተገኘ። ለሰባት ዓመቱ ልጅ ግን ትምህርት የጀመረ ነው፣ እዚሁ ይቆይ ተባለ። መያዣ መሆኑ ነው፣ እንድትመለሱ። እናንተም መያዣውን ትታችሁ ሄዳችሁ።

እግሬ ላይ ወድቀሽ ያለቀስሽው አልጠፋኝም። የቀበሌው ሰው ደግሞ አባቱ እስር ቤት የከረመ የጴንጤ ልጅ በቤተሰብ ካርድሽ ላይ አልጽፍም አለኝ። ባለቤቴ ሞሲሳ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ያን ቀን ነው «ጉዲፈቻ ይሁን» ያለው። «ጉዲፈቻ ከሆነ ልጄ ነው። ልጄን ደግሞ የማን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ የለም» አለ።

ቦታው እዚሁ ጉደር ነው፣ አሁን ተቀምጬ የምጽፍበት የሞሲሳ ወንድም ግቢ። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሰርዶ በእጃቸው ይዘው ተቀመጡ። ሞሲሳ ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ ራሱንም ቅቤ ቀቡት። ባልሽ ቅቤው ሲመጣ ዓይኑን ጨፈነ፤ ባዕድ አምልኮ መስሎት ይሁን ሊጸልይ እሱ ያውቃል። ትልቁ ሽማግሌ «ይህ ልጅ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «የሞሲሳ ነው» አላችሁ። «ነገ ቢያምራችሁ ትወስዱታላችሁ?» አሉ። «አንወስደውም» አላችሁ፣ ሁለታችሁም። «ሆራ ቡላ»፣ ተባዙ፣ ኑሩ ብለው መረቁን። ሳሙኤል መባሉ ቀርቶ ዲንሳ የተባለው ያን ቀን ነው።

አንቺ ለመርጋ «ለወረቀቱ ያህል ነው» ብለሽ እንደነገርሽው በኋላ ሰምቻለሁ። አንቺስ እንደኔ የገብረአማኑኤል ልጅ ነሽ፣ ከከተማ ሰፈር የወጣሽ፤ ጉዲፈቻ ማለት ማኅተም ተመትቶበት የሚያበቃ ነገር መስሎሽ ይሆናል። እኔም ከሞሲሳ ባልጋባ ኖሮ አላውቀውም ነበር። ባልሽ ግን የኦሮሞ ልጅ ነው። ጉዲፈቻ ከሆድ ከወጣው ልጅ እኩል መሆኑን፣ የወለደ ሰው ተመልሶ እንደማይጠይቀው ከእናቱ ጡት ጋር ጠጥቶታል። «ቃላችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን» የሚለውን ለቦረናዎቹ ሲያስተምር ምላሱ አይተሳሰርበትም? ጠይቂልኝ።

ከሄዳችሁ በኋላ ደብዳቤሽ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ እንባ ብቻ ነበር። ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ ከሩቅ በግመል ነው የሚመጣው፤ ንፋሱ የቤቱን ቆርቆሮ ሊገነጥለው ነው፤ አቧራው ከድንቅቱ ዓይን አይወጣም፤ ጤፍ በስም የሚያውቀው የለም፤ ቀን የበቆሎ ገንፎ፣ ማታ የበቆሎ ገንፎ። መርጋ ሲሰብክ ቦረናዎቹ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ ኦሮምኛህ የሕፃን ነው ይሉታል ብለሽ ጻፍሽ። ይህን ሳነብለት ሞሲሳ ከሳቁ ብዛት እንባው ወረደ። እኔ ግን እውነት ለመናገር አዘንኩልሽ። በሶ ፈጭቼ፣ ድርቆሽ አድርቄ በመንገደኛ ላክሁልሽ። ደረሰኝ እንኳን አላልሽም።

ቀጥሎ የመጣው ደብዳቤ «እየለመድን ነው» አለ። የሚቀጥለው «ለመድን» አለ። የፈረንጅ ጎረቤቶችሽ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አሠሩልሽ፣ ጎመን ዘራሽ፣ ሻይ በወተት ካልሆነ አልጠጣም አልሽ። ድንቅቱ በስዋሂሊ ትጣላለች፣ ሽታዬ ተወለደች፤ አንቺም ለሚሲዮኑ ሴቶች ስፌት ታስተምሪ ጀመር። አንቺ፣ ስፌት። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሁሉ ለመድን፣ ለመድን ነው። ውሃውን ለመዳችሁ፣ ንፋሱን ለመዳችሁ፣ የሰው ሳቅ ለመዳችሁ፣ ልጁ የሌለበትንም ማዕድ ለመዳችሁ። ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልወዳትም።

ሳሙኤል ብላችሁ ስም ያወጣችሁለት እናንተ ናችሁ። የሳሙኤል እናት ሐና ልጇን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት እንደነበር፣ መጽሐፍ ከምታስተምሩት ከእናንተ ይልቅ እኔ ልብስ ሰፊዋ አስታውሳለሁ። አንቺ አንድ ሸሚዝ ላክሽ። ሸሚዙ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን ነው፤ ዲንሳ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ደረቱ ላይ አድርጎ አየውና «እኔን ነው ወይስ ሌላ ልጅ አላት?» አለኝ። መጠኑን ስለማታውቅ ነው አልኩት። ያን ጊዜ እንኳ ተሟገትኩልሽ።

ሞሲሳ ካቻምና ሲሞት አስከሬኑ ፊት ራሱን ተላጭቶ የቆመው ዲንሳ ነው። ከጉደር የመጣው ዘመድ ሁሉ ሲያጽናና «ልጅ አለው፣ ቤቱ አልተዘጋም» እያለ ነበር። ካንቺ የመጣው ማጽናኛ ደግሞ «እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ሞሲሳ አደራችንን ስለጠበቀልን ባለውለታችን ነው» ይላል። እንዲህ የሚባለው ለዘበኛ ነው። ደብዳቤውን ለልጁ አላነበብኩለትም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነው፣ ቢያናድደኝም ችዬው እኖር ነበር። አሁን ግን ወደ ላካችሁት ሰው፣ ወደ አቶ ይገዙ ልምጣ።

አቶ ይገዙ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጫማው የተወለወለ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ፣ «እመቤቴ» ሳይል የማያናግር ሰው ነው። ከአዲስ አበባ በሚሲዮን መኪና መጣና ቤቴ ሳይደርስ በቀጥታ ቀበሌ ገባ፤ የይለፍ ወረቀት ሊያስጽፍ። ሊቀመንበሩ ተሻለ አስጠራኝ። ማሽኔን ሳልሸፍን ሄድኩ።

«እትዬ ደስታ፣ እኚህ ሰው ስለ ልጁ ነው የመጡት» አለኝ ተሻለ።

«የትኛው ልጅ?»

«ዲንሳ ሞሲሳ።»

«ሳሙኤል መርጋ ማለትዎ ነው» አለ ይገዙ ፈገግ ብሎ። «ወላጆቹ ደህና ናቸው፣ ጌታ ይመስገን። ልጁ እዚህ በአደራ ነው የቆየው፤ አሁን ሊረከቡት ተዘጋጅተዋል።»

ተሻለ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «በአደራ ነው ያሉት? ጉዲፈቻ ተብሎ አይደል የተመዘገበው?»

«እሱማ ለካርዱ ያህል ነው» አለ ይገዙ፣ የሚረዳኝ መስሎት። «እህታቸው ናቸው ያሳደጉላቸው። ትልቅ ውለታ ነው የሠሩት።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለም? ይገዙ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ያልሽውን ነው የደገመው። የተበላሸውም ቃሉ ያንቺ ስለሆነ ነው።

ያላወቅሽውን ልንገርሽ። እዚህ ወጣት ለብሔራዊ ውትድርና እየታፈሰ ሰሜን ይላካል። ከትምህርት ቤት በር፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ከገበያ። ቀበሌውም ኮታ አለበት። ተሻለ መልአክ አይደለም፤ ቢሆንም ከሞሲሳ ጋር አብሮ አደግ ነው፣ ማዕዳችንን በልቷል። ዲንሳን «ባሏ የሞተባት ሴት አንድያ ልጅ ነው» እያለ ሁለት ዙር አሳልፎልን ነበር። ይገዙ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሲገባ ተሻለ በሩን ዘጋና፣

«እትዬ ደስታ፣ እስከ ዛሬ ያለፍኩት አንድያ ልጅዎ ነው ብዬ ነው» አለኝ። «አሁን ጸሐፊዬ ፊት የእርስዎ አይደለም ተባለ። ነገ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? የኔ ልጅ ከሄደ ዓመቱ ነው። ደብዳቤ እንኳን የለም። የሰው አደራ አስቀምጬ የራሴን ላክሁ ልበል?»

«ልጄ ነው» አልኩት።

«እኔ አውቃለሁ» አለ። «ግን ኦቦ ሞሲሳ የሉም፤ እናቱ ነኝ የምትል ሌላ ሴት አለች። የእርስዎና የሷ ቃል ሲጋጭ እኔ ምን ላድርግ?»

አሰፋሽ፣ ያን ቀን ብታገኚኝ ኖሮ እህትነትሽን እረሳው ነበር።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የአፈሳ መኪና መጥቶ መውጫውን ዘጋ። ዲንሳ ከጎኔ ሆኖ የተሰፋውን የተማሪ ልብስ በከሰል ካውያ ይተኩስልኝ ነበር። ሰው ሲሮጥ ሳይ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ገፋሁትና የዩኒፎርሙን ጨርቅ ክምር ላዩ ላይ ለቀቅሁበት። ማሽኔን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስጠግቼ መርገጥ ጀመርኩ። ምን እንደምሰፋ አላውቅም፤ ክሩም ያለቀ ይመስለኛል።

አንድ ወታደር በረንዳው ላይ ወጣ። ልጅ እግር ነው፣ ከዲንሳ ብዙም አይበልጥም። ዞር ዞር ብሎ አየና «እናቴ፣ ኪሴ ተቀዶብኛል፣ ትሰፊልኛለሽ?» አለኝ። ሸሚዙን አውልቆ ሰጠኝና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለ። ልጁ ከሥሩ ነው። መርፌው እንዳይሰበርብኝ እየፈራሁ ሰፋሁለት። እግሬ ፔዳሉን ሲረግጥ የዲንሳን ትንፋሽ እግሬ ላይ እሰማዋለሁ።

«ልጅ የለሽም?» አለኝ፣ እንዲያው ለጨዋታ።

«የለኝም» አልኩት። «መካን ነኝ።»

«አይ፣ እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ሸሚዙን ለበሰና ሄደ።

ይኸውልሽ፣ ለቀበሌው፣ ለጎረቤቱ፣ ላንቺም ልጄ ነው፣ ልጄ ነው ስል የኖርኩት ሴት ልጅ የለኝም አልኩ፤ እሱ እግሬ ሥር ሆኖ እየሰማ። መኪናው ሄዶ ጨርቁን ስገፍፈው ላብ በላብ ሆኗል። ዓይኑን ማየት አቃተኝ። እሱ ግን ክሩን ከፀጉሩ ላይ እያራገፈ «እማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትዋሺ ሰማሁሽ» አለና ሳቀ። ሲስቅ ነው ያለቀስኩት። ያንን ቃል ከአፌ ያስወጣሽኝ አንቺ ነሽ፤ ሌላው ሁሉ ይቅር ቢባል ይህ ይቆያል።

በማግስቱ ማለዳ በጋሪ ወደ ጉደር አመጣሁት። እዚህም ብዙ አይቆይም፤ ይፈለጋል። ላንቺ መላክ የሚለውን ነገር ለብዙ ቀን አፌ እምቢ አለኝ። የሞሲሳ ወንድም ነው መላ ያገኘልኝ። «ጉዲፈቻ አይመለስም» አለኝ። «ግን ልጅ ዘመዱን ሊጠይቅ ይሄዳል፣ ማን ይከለክላል? ወደ አክስቱ ይሂድ።»

አክስቱ አንቺ ነሽ። በደንብ አንብቢው። ዲንሳ ሞሲሳ ኬንያ ያለችውን አክስቱን ሊጠይቅ ነው የመጣው።

ዛሬ ማታ ደግፌ የሚባል ሾፌር ሽንኩርት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። ልጁ ከጆንያዎቹ መሐል ይሆናል። እኔ የሽንኩርቱ ነጋዴ ነኝ ብዬ ከሾፌሩ ጎን እቀመጣለሁ፤ አዲስ ዓለም ኬላ ላይ ፈታሾቹ ከነጋዴ ሴት ጋር መጨቃጨቅ አይወዱም፣ እኔ ደግሞ መጨቃጨቅ እችልበታለሁ። ኬላውን ካለፍን በኋላ እወርዳለሁ። ማርያም ቤተ ክርስቲያን ገብቼ የምላትን እላታለሁ። ከዚያ ወዲያ የደግፌ ወንድም በሞያሌ መንገድ ይወስደዋል፣ ድንበሩን የሚያሻግረውም ሰው ተገኝቷል።

ይህን ስጽፍ እሱ ግቢው ውስጥ እንጨት ይፈልጣል። ላቡን እየጠረገ መጥቶ «ምን እየጻፍሽ ነው?» አለኝ። «ሰላምታ» አልኩት። «ይህን ያህል ሰላምታ?» ብሎ ሳቀና ተመለሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መጣ። መጥረቢያውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመና «እሷን ምን ብዬ ልጥራት?» አለኝ። አክስቴ በላት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እናቴ በላት» አልኩት። «አንቺንስ?» አለኝ። «እኔን እማ ትለኛለህ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?» ብዬ ቆጣ አልኩ። ስለዚህ እናቴ ቢልሽ ከኔ የተሰጠ ፈቃድ መሆኑን እወቂ።

አሁን የምልሽን ስሚ፤ ስለ ልጁ የምታውቂው ነገር የለምና። ስሙ ዲንሳ ነው። ሳሙኤል ብትዪው በትሕትና አቤት ይልሻል፣ ግን ዞር ብሎ የተጠራውን ልጅ ይፈልጋል። ግራ ጆሮው በልጅነቱ መግል ይዞ ሞሲሳ ከዚህ እስከ አምቦ አዝሎት ሄዷል፤ ውሃ እንዳይገባበት። የፊት ጥርሱ ጫፍ የተሸረፈችው ኳስ ሲጫወት ነው፣ የመታው ሰው የለም፣ ስለዚህ እንደዚያ አድርገሽ አትዪኝ። ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። ወተት ያለበትን ሻይሽን በግድ አታጠጪው። ካኮረፈ ተይው፣ ከሰዓት በኋላ ራሱ ይመጣል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳይጨርስ እንዳታስቀሪው፤ ሒሳብ ላይ እንደ አባቱ ነው፣ ሞሲሳን ማለቴ ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈረንጅ እንግዳ ሲመጣ ፊት ላይ አቁመሽ «ከአብዮት ያመለጠ ልጅ» እያልሽ እንዳታስመሰክሪው። የሚሲዮናችሁ ጋዜጣ ላይ ፎቶውን ባይ አልምርሽም። መጸለይ ከፈለገ እሱ ያውቃል። የሚያምነውን ከኔም ካንቺም ሳይሆን ከራሱ ያገኘዋል።

አንቺና መርጋ ክፉ ሰዎች ናችሁ አልልም። መርጋ በእምነቱ ታስሯል፤ እኔ ለማርያም ብዬ አንድ ቀን አልታሰርኩም። ቦረናዎቹ መሐል ያላችሁበት ምክንያት ለእናንተ ትልቅ ይሆናል። የሰው ነፍስ እንጠብቃለን ስትሉ አንዱን ነፍስ ለኔ ጥላችሁ ሄዳችሁ፣ እኔም አነሳሁት። ያነሳሁትን ደግሞ ማንም የሰው ነው እንዲለኝ አልፈቅድም።

እንግዲህ አደራ የምትለዋ ቃል ትደርሰን። አሥር ዓመት ያለ ቦታዋ ስትጽፊያት የኖርሽው ቃል ዛሬ ቦታዋን አገኘች። ዲንሳን አደራ ሰጥቼሻለሁ። ሰጪዋ እኔ፣ ጠባቂዋ አንቺ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ። ይህ አፈሳ ለዘላለም አይቆይም፤ ሲያልፍ አደራዬን መልሺልኝ። ለመስቀል ቢሆን ደስ ይለኛል። ካልሆነ ለገና። ከዚያ እንዳያልፍ።

ሲጽፍልኝ የፈለገውን ይጻፍ፤ ከፋኝ ይበል፣ ደስ አለኝ ይበል። ለመድኩ እንዳይለኝ ብቻ። ይህን ለሱ አትንገሪው።

ሽታዬን ዓይኗን አላየሁትም፤ ግንባሯን ሳሚልኝ። ድንቅቱ ወንድም ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ቀስ ብላ ታውቀዋለች። መርጋ ቅቤውን ባይወደውም ሽማግሌዎቹ ያን ቀን እሱንም ጨምረው መርቀውታል፣ ምርቃቱ ይድረሰው። የማርያምን ስም ስጠራልሽ ፊትሽን እንደምታጠቁሪ አውቃለሁ። ቢሆንም በእሷ ነው የምመርቅሽ፤ ሌላ አልችልም። ውሃሽን ታጣፍጥልሽ፣ ንፋሱን ታብርድልሽ፣ ልጅ ከማጣት ትጠብቅሽ። የመጨረሻውን ከልቤ ነው የምልሽ።

የዲንሳ እናት
ደስታነሽ ገብረአማኑኤል

ስለ ኮቱ አንድ ነገር ቀረኝ። ስታለብሺው ትከሻው ይሰፋል፣ እጅጌው መዳፉን ይሸፍናል። እሱም ሲለካው «ሰፋ እማ» ብሎኛል፤ ብርድ ስላለ ነው አልኩት። መለካት አቅቷት ነው ብለሽ እንዳትቆርጪው። እጅጌው ውስጥ አራት ጣት የሚሆን ትርፍ ጨርቅ አጥፌበታለሁ፣ ጎኑና ጀርባው ላይም አለ። ዘንድሮ አትንኪው። እያደገ ሲሄድ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ልቀቂለት።